ዘይት ቅያሬ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከመርከቧ ሆድ ውስጥ፣
ዘይት ስለካ ኖርሁ፣ ዘይት ስለውጥ።
ከባሕር ዳር ቁንዝላ፣ ከቁንዝላ ጎርጎራ፣
ጭስ እየተፋች ስትሄድ፣ ከማዕበሉ ጋራ፣
ጆሮዬን ብረቷ ላይ ጣል አድርጌ
አውቅ ነበር የቱ ብሎን እንደላላ፣
የቱ ቧንቧ እንደጠማው፣ የቱ ቀበቶ እንደተበላ።
የራሴን ጉልበት ግን፣
አንድ ጧት እንኳ «እንዴት አደርህ?» አላልሁትም።
እሱም አልከሰሰኝም።

ያኔ፣ በሰባዎቹ፣ ፖሊ የሚያስተምር አንድ ህንድ ነበረ፤
ሚስተር ናምቢያር፤ ፊዚክስ መሰለኝ፤ ብቻውን የኖረ።
እሑድ እሑድ ጎህ ሲቀድ ፎጣውን አንግቶ ይመጣል፣
ከሾላው ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣
ብብቱ ውስጥ ያሞቃል አንዲት ጠርሙስ ዘይት፣
የሰሊጥ፤ ጥርት ያለች፣ የማር መልክ ያላት።
ከአናቱ ይጀምራል፤ ጆሮውን፣ የጆሮውን ጀርባ፣
አጥንቱን ወደ ታች፣ መገጣጠሚያውን ክብ ክብ፣
እንደ አራስ ልጅ ራሱን በራሱ ሲቀባ።
ከዚያ ዝም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ቆዳው እስኪጠጣ።
ጣናም ዝም ብሎ ያየዋል፣ ፀሐይ እስክትወጣ።

እኛ ጎረምሶቹ፣ ጀልባ ተደግፈን፣
«ህንዱ ሊጠበስ ነው!» እንል ነበር፣ ሳቅ እያፈነን።
አንድ ቀን ጠራኝ። ሰባራ አማርኛው ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፦
«አንተ መካኒክ፤ ሞተር ዘይት ካልጠጣ?»
«ይነክሳል» አልሁት።
ጉልበቱን ሁለቴ መታ መታ አደረገና ሌላ ምንም አላለ።
ሳቅሁ። ምን ገብቶኝ።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ክረምት ጉልበቴ ነከሰ።

እና አሁን እንዲህ ነው የእኔ ነገር፦
ገና ሳይነጋ፣ የጊዮርጊስ ቅዳሴ ከድምፅ ማጉያው ሲጀመር፣
ምላሴን በማንኪያ ጠርዝ እፍቃለሁ፤
ነጭ ነው፤ የትናንት ወሬ ነው፤ እተፋዋለሁ።
ለብ ያለ ውሃ በጣሳ፤ አልቸኩልም፤ ማን ይጠብቀኛል?
በወይራ መፋቂያ ጥርሶቼን አንድ በአንድ እጎበኛለሁ፤
አሥራ ዘጠኝ ቀርተዋል፤ ይበቁኛል።
ከዚያ ዘይት። ሰሊጥ ዋጋው አይቀመስ፤ የእኔ የኑግ ነው።
ይታክቱ ከማጀት፣ «የወጤን ዘይት ጉልበትህ ጠጥቶ ጨረሰው!»
ትላለች። እውነቷን ነው።
አጥንቱን ወደ ታች፣ ሎሚውን ክብ ክብ፤
የአሸዋ ድምፅ አለው ከሥሩ፣
በየጧቱ ግን ትንሽ ይቀንሳል ነገሩ።
በትሬን ይዤ በዘንባባዎቹ ሥር እስከ ወደቡ ደርሼ እመለሳለሁ።
ኑግ ኑግ እሸታለሁ። ድመት ይከተለኛል።

ማታ ሌላ ነው። ማታ የእግር ነው።
ከአንድ ሰዓት በኋላ እህል አልቀምስም፤ ዜናውን እዘጋለሁ፤
ዓለም እኔ ሳልሰማትም ታድራለች፣ ሞክሬ አይቻለሁ።
ሙቅ ውሃ በሳፋ፣ ጨው ጣል አድርጌ፣
ከዚያ ውስጥ እግሬን በአውራ ጣት፣ ከተረከዜ እስከ ጣቴ።

ባለፈው ሐሙስ ይታክቱ ምንም ሳትል፣ ነጠላዋን ሰብስባ
ከጎኔ ተቀመጠች። እግሯን ጭኔ ላይ ጣለች።
አርባ ዓመት አብሬያት ስኖር፣ ተረከዟ እንዲህ መሰንጠቁን አላየሁም።
የመርከቧን ስንጥቅ ሁሉ አውቀዋለሁ። ይህን አላየሁም።
ቀባኋት።
ጆሮዬን ጉልበቷ ላይ ጣል አድርጌ አዳመጥሁ፤
«ይቺ ብሎን ላልታለች» ብላት እርግጫ አቀመሰችኝ።
ሳቅን። አንሶላውን ዘይት ነካው። ተቆጣች። ተኛች።

እኔ ግን ነቅቻለሁ። ከሩቅ፣ ከደሴቶቹ ወዲህ፣
መርከቧ አምሽታ ስትገባ፣ ስታስል ይሰማኛል።
ሦስተኛው ሲሊንደር ነው። ዘይቱ ቆይቷል።
ማን ይነግራቸዋል?